በሕንፃ ሥራ ተቋራጭ ዋስ ላይ ስለሚቀርብ የገንዘብ ጥያቄ

የእህል ጎተራ፥ የዘር መጋዘን፥ የከብት በረት፥ የመስኖ ቦይ ወይም ድልድይ ለሥራ ተቋራጭ በውል ተሰጥቶ በሚሠራበት ጊዜ፥ አሠሪው ገንዘቡን የሚያወጣው ሥራው በተቈረጠለት ቀን ያልቃል ብሎ ተስፋ አድርጎ ነው። ሠሪው ሥራውን በመካከል ትቶ የሄደ እንደ ኾነ ግን ጉዳቱ የገንዘብ ብቻ አይደለም። ጣራ ያልለበሰ መጋዘን ክረምት ሲገባበት ግድግዳው ይርሳል፤ መከር በደረሰም ጊዜ እህሉ የሚገባበት ስፍራ አጥቶ ለዝናብ፥ ለነቀዝና ለአይጥ ይኾናል። የገበሬው የዓመት ድካም በአንድ ተቋራጭ ስንፍና እንዳይጠፋ ሲባል፥ ሥራው ከመጀመሩ አስቀድሞ ከተቋራጩ ዋስ ይጠየቃል።

ይኹን እንጂ ዋስ መቀበል ብቻውን ገንዘብን አያድንም። የዋስትናውን ወረቀት በሣጥን ቈልፎ አስቀምጦ፥ ቀኑ ካለፈ በኋላ አውጥቶ የሚመለከት ሹም በእጁ ያለው ባዶ ወረቀት ነው። ስለዚህ ዋስትናው እንዴት እንደሚመረመር፥ ጥያቄውም መቼና በምን ዐይነት እንደሚቀርብ፥ የሕዝብ ሕንፃ ለሚያሠሩ አስተዳዳሪዎችና የወረዳ ሹማምንት፥ በግል ገንዘባቸውም ለሚያሠሩ ባለይዞታዎች ይጠቅም ዘንድ ከዚህ በታች ተራ በተራ ይገለጻል።

ስለ ዋስትና ሕግ

ዋስ መጥራት በኢትዮጵያ ጥንታዊ ልማድ ነው። ባላጋራ ከባላጋራው ጋር በዳኛ ፊት ሲቆም ዋስ ይጠራ ነበር፤ ዋሱም የሚታወቅ፥ ቤትና ንብረት ያለው ሰው እንዲኾን ይፈለግ ነበር። ፍትሐ ነገሥትም ስለ ዋስትና የሚናገር ክፍል አለው። ዛሬ የሚሠራበት ሕግ ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም. ታውጆ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው።

በዚህ ሕግ በቍጥር 1920 እንደ ተደነገገው፥ ዋስ ማለት ባለዕዳው ግዴታውን ያልፈጸመ እንደ ኾነ ለባለገንዘቡ እኔ እፈጽማለሁ ብሎ የሚገባ ሰው ነው። ሰው ሲባልም እንደ ባንክና እንደ ኢንሹራንስ ያለውን ድርጅት ይጨምራል። በቍጥር 1922 ደግሞ ሦስት ታላላቅ ነገሮች ተወስነዋል። የመጀመሪያው፥ ዋስትና በግምት አይገኝም፤ በግልጥ የተነገረ መኾን አለበት። ኹለተኛው፥ ዋሱ ከገባበት ወሰን አልፎ አይጠየቅም። ሦስተኛው፥ ዋሱ የሚከፍለው ከፍተኛው የገንዘብ ልክ በወረቀቱ ላይ ካልተጻፈ ዋስትናው ዋጋ የለውም። በቍጥር 1725 መሠረትም የዋስትና ውል በጽሑፍ መኾን ይገባዋል። በቃል ያለ ይረሳል፥ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል የተባለው በዚህ ነገር ላይ ምሳሌ ብቻ ሳይኾን ሕግም ነው።

ስለ ዋስትናው ዐይነቶች

በሕንፃ ሥራ ዘወትር የሚገኙት የዋስትና ዐይነቶች ሦስት ናቸው፤ አንዱ ለሌላው ምትክ አይኾንም።

1ኛ፤ የጨረታ ማስከበሪያ ነው። ተጫራቹ አሸንፎ ውል አልፈርምም ያለ እንደ ኾነ የሚጠየቅ ነው፤ ውሉ ተፈርሞ የሥራ አፈጻጸም ዋስትና ከቀረበ በኋላ ግን ሥራው ያበቃል።

2ኛ፤ የመልካም ሥራ አፈጻጸም ዋስትና ነው። ተቋራጩ ሥራውን ቢተው፥ ቢያዘገይ ወይም ቢያበላሽ አሠሪው በዚህ የተነሣ የሚያገኘው ጉዳት የሚካስበት ነው። ብዙ ጊዜ ከውሉ ዋጋ ከመቶ 10 ኾኖ ይያዛል።

3ኛ፤ የቅድሚያ ክፍያ ዋስትና ነው። ተቋራጩ ዕቃ እንዲገዛና ሠራተኛ እንዲያሰባስብ ሥራ ሳይሠራ አስቀድሞ የተሰጠው ገንዘብ የሚመለስበት ነው። ይህ ገንዘብ ከየክፍያው ላይ እየተቀነሰ ስለሚመለስ፥ ዋስትናውም በዚያው ልክ እያነሰ ይሄዳል።

ከእነዚህ ሌላ አሠሪው ከየክፍያው ላይ ጥቂት በመቶ ቀንሶ በእጁ የሚያስቀምጠው መያዣ ገንዘብ አለ። ይህ ከማንም ሳይለመን በአሠሪው እጅ ያለ ስለ ኾነ፥ በስሌት ጊዜ ከኹሉ አስቀድሞ ይታሰባል።

ዋሱም ራሱ ኹለት ዐይነት ነው። አንደኛው ተራ ዋስ ነው፤ እርሱ ሲጠየቅ አስቀድሞ የባለዕዳው ንብረት ተፈልጎ ዕዳው ከዚያ ይከፈል ብሎ ሊከራከር ይችላል። ኹለተኛው በቍጥር 1933 የተነገረው፥ ከባለዕዳው ጋር አንድ ኾኖ ዋስ የኾነ ነው፤ ባለገንዘቡም ባለዕዳውን አስቀድሞ ሳይከስ በቀጥታ ወደ እርሱ ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ ዋስትናው በሚጻፍበት ጊዜ ዋሱ ከተቋራጩ ጋር በአንድነትና በነጠላ ኀላፊ ነው የሚል ቃል መኖሩን ማየት ከብዙ ድካም ያድናል።

ደግሞም አንዳንዱ ወረቀት አሠሪው በጽሑፍ በጠየቀ ጊዜ ያለ ቅድመ ኹኔታ እከፍላለሁ ይላል። አንዳንዱ ግን ተቋራጩ ውሉን ማፍረሱና የጉዳቱ ልክ ሲረጋገጥ እከፍላለሁ ይላል። በመጀመሪያው ደብዳቤው በወረቀቱ ላይ እንደ ተጻፈው ኾኖ ከቀረበ ይበቃል። በኹለተኛው ግን ማስረጃ ካልተከተለ ደብዳቤው ብቻውን አንድ ብር አያመጣም።

ወረቀቱን ስለ መመርመር

ወረቀቱ የሚመረመረው ጠብ ከተነሣ በኋላ ሳይኾን በተቀበሉት ዕለት ነው። ያን ጊዜ የሚከተሉት ነገሮች ይታያሉ፤

የአሠሪው መሥሪያ ቤት ስም በትክክል መጻፉ፤ የተቋራጩ ስም በውሉ ላይ ካለው ስም ጋር አንድ መኾኑ፤ የውሉ ቍጥርና ቀን መጠቀሱ፤ የገንዘቡ ልክ በአኀዝና በፊደል ተጽፎ ኹለቱ መስማማታቸው፤ ዋስትናው የሚጸናበት የመጨረሻ ቀን መታወቁ፤ ጥያቄው የሚቀርብበት ስፍራ፥ ዋናው መሥሪያ ቤት ወይም ቅርንጫፉ፥ መገለጡ፤ ፊርማውና ማኅተሙም የተሟላ መኾኑ።

ከዚህም በላይ የወረዳው ጽሕፈት ቤት ወረቀቱን ካመጣው ተቋራጭ ቃል ላይ ሳይደገፍ፥ ለባንኩ ወይም ለኢንሹራንሱ በቀጥታ ጽፎ ይህ ዋስትና ከእናንተ የወጣ ነውን ብሎ መጠየቅና መልሱን በጽሑፍ መቀበል ይገባዋል። ሐሰተኛ ማኅተም ያለበት ወረቀት መኾኑ በሥራው መጀመሪያ ቢታወቅ ውሉን መከልከል ይቻላል፤ ተቋራጩ ገንዘቡን ይዞ ከሄደ በኋላ ቢታወቅ ግን ጥቅሙ ለወንጀል ክስ ብቻ ነው።

ጥያቄ ከመቅረቡ አስቀድሞ

ተቋራጩ የዘገየ በመሰለ ጊዜ ወዲያው ወደ ዋሱ መሮጥ አይገባም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላልና ሥርዐቱን መከተል ያሻል።

በፍትሐ ብሔር ሕግ ቍጥር 1772 እንደ ተነገረው፥ ውል አልተፈጸመም የሚል ሰው አስቀድሞ ለሌላው ወገን ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት። ማስጠንቀቂያውም በጽሑፍ ኾኖ፥ የጐደለው ሥራ ምን እንደ ኾነ፥ የትኛው የውል ቃል እንደ ተጣሰ፥ እስከ ስንት ቀንም እንዲታረም የሚናገር ይኹን። የሚሰጠው ቀን ሥራው በእውነት ሊታረም የሚችልበት ያህል መኾን አለበት፤ የ2 ወር ሥራ በ3 ቀን ጨርስ ማለት በዳኛ ፊት አያስመሰግንም። ደብዳቤው መድረሱ በፊርማ ወይም በአደራ ደብዳቤ ደረሰኝ ይረጋገጥ። የዚህም ግልባጭ ለዋሱ ይላክ፤ ዋሱ አስቀድሞ ካወቀ ተቋራጩን ገፋፍቶ ወደ ሥራው ሊመልሰው ይችላልና። እንዲህ የኾነ እንደ ኾነ ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነው፤ መጋዘኑም ያለ ክርክር ያልቃል።

የተሰጠው ቀን አልፎ ተቋራጩ ያልተመለሰ እንደ ኾነ፥ አሠሪው በውሉ እንደ ተወሰነው ውሉን ማፍረሱን በጽሑፍ ያስታውቃል። ከዚያም ማንም ሌላ ሰው ሥራውን ሳይነካ በስፍራው የልኬት መዝገብ ይዘጋጃል። መሐንዲሱ የተሠራውን ግድግዳ፥ የፈሰሰውን ኮንክሪት፥ የቆመውን እንጨትና በግቢው የቀረውን ሲሚንቶና ብረት ለክቶና ቈጥሮ ይጽፋል፤ ተቋራጩም እንዲገኝ ይጠራል፤ ባይመጣ አለመምጣቱ በምስክሮች ፊት ይጻፋል። ፎቶግራፍም ይነሣ። ይህ መዝገብ ሳይዘጋጅ አዲስ ተቋራጭ ከገባ፥ የፊተኛው የሠራውና የኋለኛው የሠራው ስለሚደባለቅ፥ ጉዳቱን ማስረዳት እጅግ ያስቸግራል።

ስለ ገንዘቡ ስሌት

ብዙ ጥያቄ የሚበላሸው በስሌት ነው። ነገሩ እንዲገለጥ አንድ ምሳሌ ይቀመጥ።

አንድ ወረዳ የእህል መጋዘን በ4,000,000 ብር ውል ሰጠ እንበል። የሥራ አፈጻጸም ዋስትናው ከመቶ 10፥ ማለት 400,000 ብር ነው። ቅድሚያ የተከፈለው ከመቶ 20፥ ማለት 800,000 ብር ሲኾን፥ ለዚህም የቅድሚያ ክፍያ ዋስትና ተይዟል። ከየክፍያው ላይ ለቅድሚያው መመለሻ ከመቶ 20፥ ለመያዣም ከመቶ 5 ይቀነሳል።

ተቋራጩ በልኬት 1,500,000 ብር የሚያወጣ ሥራ ሠርቶ ተወ። ከዚህ ውስጥ ለቅድሚያው መመለሻ 300,000 ብር፥ ለመያዣ 75,000 ብር ተቀንሶ 1,125,000 ብር ተከፍሎታል። እንግዲህ በቅድሚያ ከተቀበለው ጋር በእጁ የገባው 1,925,000 ብር ነው።

የቀረው ሥራ በፊተኛው ውል ዋጋ 2,500,000 ብር ነበር፤ አዲሱ ተቋራጭ ግን 3,100,000 ብር ጠየቀ። ስለዚህ የዋጋው ጭማሪ 600,000 ብር ነው። የተበላሸውን ግድግዳ ለማረም 60,000 ብር፥ ለዘበኛና ሥራውን ከዝናብ ለመሸፈን 20,000 ብር ወጣ። ድምሩ 680,000 ብር ይኾናል። ከዚህ ላይ በአሠሪው እጅ ያለው መያዣ 75,000 ብር ሲቀነስ 605,000 ብር ይቀራል።

ከሥራ አፈጻጸም ዋስትናው የሚጠየቀው እስከ ልኩ 400,000 ብር ነው። የቀረው 205,000 ብር ከራሱ ከተቋራጩ ይጠየቃል እንጂ ዋሱ ከወሰኑ አልፎ አይከፍልም። ከቅድሚያ ክፍያ ዋስትናው የሚጠየቀው ደግሞ ያልተመለሰው 500,000 ብር ነው። በዚህ ላይ 800,000 ብር ኹሉ ይከፈለኝ የሚል ጥያቄ ቢቀርብ፥ የተመለሰውን 300,000 ብር ኹለተኛ መጠየቅ ስለሚኾን፥ ትክክለኛውንም ጥያቄ ያስጠረጥራል።

ስሌቱ መስማማቱን ለመፈተን አንድ መንገድ አለ። አሠሪው በጠቅላላው የሚያወጣው 1,925,000፥ 3,100,000ና 80,000 ተደምሮ 5,105,000 ብር ነው። ከዚህ የውሉ ዋጋ 4,000,000 ብር ሲቀነስ ጉዳቱ 1,105,000 ብር ይኾናል፤ ይህም ከላይ የተገኙት 605,000ና 500,000 ሲደመሩ የሚሰጡት ነው።

ስለ ጥያቄው ደብዳቤ

ለዋሱ የሚጻፈው ደብዳቤ አጭርና ግልጥ ይኹን። በተቋራጩ ላይ የሚነገር ዘለፋና ምሬት አይጨመርበት። አጻጻፉም ይህን ይመስላል፤

«ለእገሌ ባንክ። በዚህ ቀን በዚህ ቍጥር ለመሥሪያ ቤታችን በሰጣችሁት የመልካም ሥራ አፈጻጸም ዋስትና፥ ተቋራጩ እገሌ ውሉን ባይፈጽም እስከ ብር ይህን ያህል እንከፍላለን ብላችኋል። ተቋራጩ በውሉ አንቀጽ ይህን ያህል የተጻፈውን ግዴታ አልፈጸመም። በዚህ ቀን በጽሑፍ ተጠንቅቆ እስከ ተወሰነለት ቀን አላረመም። ስለዚህ ዋስትናው ከሚያበቃበት ቀን በፊት ብር ይህን ያህል በዚህ የሒሳብ ቍጥር ገቢ እንድታደርጉልን እንጠይቃለን። የውሉ፥ የማስጠንቀቂያው፥ የልኬት መዝገቡና የስሌቱ ግልባጭ ከዚህ ጋር ተያይዟል።»

ዋስትናው የተለየ ቃል ወይም የተለየ ሰነድ የሚፈልግ እንደ ኾነ ያው ቃል ሳይለወጥ ይጻፋል፤ ያው ሰነድም ይያያዛል። ኹለት ዋስትና ካለ ለየአንዳንዱ ለብቻው ደብዳቤ ይጻፋል። ዋናው የዋስትና ወረቀት ግን ገንዘቡ ሳይከፈል ከእጅ አይወጣም፤ ለማሳየት ግልባጩ ይበቃል። የሚፈርመውም በመሥሪያ ቤቱ ስም ለመፈረም ሥልጣን ያለው ሹም ይኹን።

ስለ ቀን

ከስሕተት ኹሉ የሚከፋው የቀን ስሕተት ነው። ሥራው ዘግይቶ የውሉ ዘመን ሲራዘም ዋስትናው አብሮ ካልተራዘመ፥ ተቋራጩ ያለ ዋስ ይሠራል ማለት ነው። ስለዚህ በየጽሕፈት ቤቱ የዋስትናዎች መዝገብ ይኑር፤ በውስጡም የየአንዳንዱ ማብቂያ ቀን ይጻፍ፤ ከማብቂያው 30 ቀን ሲቀረውም ጸሓፊው ለአለቃው ያስታውቅ።

ሥራው ሳያልቅ ቀኑ የቀረበ እንደ ኾነ፥ አሠሪው ተቋራጩ ዋስትናውን እንዲያራዝም በጽሑፍ ይጠይቃል። እንቢ ካለና የዋስትናው ቃል የሚፈቅድ ከኾነ፥ ዋስትናው ይራዘም ያለዚያም ይከፈል የሚል ጥያቄ ቀኑ ሳያልፍ ለዋሱ ይቀርባል። ደብዳቤው ከወረዳ ወደ ዋናው ከተማ የሚሄድ ሲኾን የመንገዱ ቀንና የበዓላት ቀን ይታሰብ። የሚቈጠረው ደብዳቤው የተጻፈበት ቀን ሳይኾን ለዋሱ የደረሰበት ቀን መኾኑን ማሰብ ይሻላል፤ ደረሰኙም ሰዓቱ ሳይቀር ተጽፎበት ይጠበቅ።

ዋሱ ስለሚያቀርበው ክርክር

ዋሱ ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት መከራከሪያ ይፈልጋል፤ ይህም መብቱ ነው። አሠሪው ሥራው ሳይሠራ ከፍሏል፤ ዋሱ ሳይስማማ የሥራውን ዐይነትና ዋጋ ለውጧል፤ ቦታውን በጊዜው ሳያስረክብ ወይም ክፍያ አዘግይቶ መዘግየቱን ያመጣው ራሱ ነው፤ ቀኑ አልፏል፤ እያለ ሊከራከር ይችላል። እነዚህ ክርክሮች ብርታት የሚያገኙት ከአሠሪው ቸልተኝነት ነው። ስለዚህ ክፍያ ኹሉ በመሐንዲሱ የልኬት ምስክር ወረቀት ብቻ ይፈጸም፤ የሥራ ለውጥም ሲኖር በጽሑፍ ኾኖ የዋሱ ስምምነት ይጠየቅ፤ ቦታው የተረከበበት ቀንና ዝናብ ያስቆመው ቀን በየዕለቱ መዝገብ ይጻፍ።

ዋሱ ከከፈለ በኋላ በባለገንዘቡ እግር ተተክቶ ተቋራጩን ይጠይቃል። ይህን ማወቅ ይጠቅማል፤ ዋሱ ማስረጃ የሚፈልገው ለክርክር ብቻ ሳይኾን ነገ የከፈለውን ለማስመለስም ነውና።

ያለ በቂ ምክንያት ዋስትና መጠየቅም በደል መኾኑ አይዘንጋ። የተቋራጩ ስም በባንክ ዘንድ ይጠፋል፤ ለሌላ ሥራ ዋስ ያጣል፤ በእርሱ ሥር የሚተዳደሩት ሠራተኞችም እንጀራቸው ይቈረጣል። ሥራው የቆመው አሠሪው ገንዘብ ባለመክፈሉ እንደ ኾነ፥ የሚጠየቀው ተቋራጩ አይደለም።

ስለ ሠራተኞችና ስለ ዕቃ አቅራቢዎች

እስካሁን የተነገረው አሠሪውን የሚጠብቅ ዋስትና ነው። ድንጋይ ያቀረበው፥ አሸዋ ያጋዘውና የቀን ሙያ የሠራው ሰው በዚህ ወረቀት ላይ ስሙ ስለሌለ ከዋሱ ገንዘብ ሊጠይቅ አይችልም። በሌላ አገር ለዚህ የተለየ ሕግ አለ። በአሜሪካ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1935 የወጣው የሚለር ሕግ፥ በ1894 የወጣውን የፊተኛ ሕግ ተክቶ፥ የማዕከላዊውን መንግሥት ሕንፃ የሚሠራ ተቋራጭ ኹለት ዋስትና እንዲያቀርብ ያዛል፤ አንዱ ለሥራው መፈጸም፥ አንዱ ለሠራተኞችና ለዕቃ አቅራቢዎች ክፍያ ነው። ከዋናው ተቋራጭ ጋር ሳይኾን ከንኡስ ተቋራጩ ጋር የተዋዋለ ሰው፥ የመጨረሻውን ሥራ ከሠራበት ወይም ዕቃ ካቀረበበት ቀን ጀምሮ በ90 ቀን ውስጥ ለዋናው ተቋራጭ በጽሑፍ ማስታወቅ፥ ክሱንም በ1 ዓመት ውስጥ ማቅረብ አለበት። እንዲህ ያለ የክፍያ ዋስትና በውሉ ባልተጠየቀበት ስፍራ፥ አሠሪው ከየክፍያው በፊት ተቋራጩ የሠራተኞቹን ደመወዝ መክፈሉን የሚያሳይ መዝገብ ቢጠይቅ ብዙ ጩኸት ይቀራል።

ከርክክብ በኋላ

ሥራው አልቆ የመጨረሻው ርክክብ ከተደረገ በኋላ ዋስትናው ለተቋራጩ ይመለሳል፤ ያለ ምክንያት ማቈየት አይገባም። ተቋራጩ ግን በዚህ ነጻ አይወጣም። በፍትሐ ብሔር ሕግ ቍጥር 3039 መሠረት ሕንፃ የሠራ ተቋራጭ ከርክክብ ጀምሮ እስከ 10 ዓመት ድረስ ስለ ሥራው ደኅንነትና ጽናት ኀላፊ ነው። በዚህ ዘመን መሠረቱ ቢሰምጥ ወይም ግድግዳው ቢሰነጠቅ ምክንያቱም የአሠራሩ ጕድለት ወይም የመሬቱ ጠባይ ቢኾን፥ ራሱ ተቋራጩ ይጠየቃል። ስለዚህ ውሉ፥ የልኬት መዝገቡና የርክክቡ ወረቀት ሥራው አለቀ ተብሎ አይጣሉም።

እንግዲህ የወረዳ ሹም ሕንፃ በሚያሠራበት ጊዜ ሊያስብባቸው የሚገቡት ነገሮች እነዚህ ናቸው፤ ወረቀቱን በተቀበለበት ዕለት ይመርምር፤ ከሰጪው ያረጋግጥ፤ ማብቂያውን በመዝገብ ይጻፍ፤ ያለ ልኬት አይክፈል፤ ጕድለት ሲያይ በጽሑፍ ያስጠንቅቅ፤ የተሠራውን ሳያስለካ ለሌላ አያስረክብ፤ ጥያቄውንም በቀኑና በልኩ ያቅርብ። ይህን ያደረገ እንደ ኾነ ተቋራጩ ቢጠፋ እንኳ ገንዘቡ አይጠፋም፤ መጋዘኑም ከመከር በፊት ጣራው ይለብሳል።